በቀዝቃዛ አገር የአበባ ዘር በቤት ውስጥ መቼ ይዘራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ በተለይም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ እየኖሩ አበባን ከዘር ማሳደግ ከሚፈልጉ ወገኖች ዘወትር የሚነሡ ናቸው። ቀኖቹ የተሰሉት ለዚህ አካባቢ ነው፤ የአቆጣጠሩ ዘዴ ግን በዴንቨርም ሆነ በካልጋሪ ያው ነው፣ የሚለወጠው መነሻው ቀን ብቻ ነው። «ክረምት» የሚለው ቃል በአገራችን የዝናቡን ወራት ስለሚያመለክት፣ እዚህ በረዶ የሚወርድበትን ወቅት «የብርዱ ወራት» ብለነዋል።

ዘሩን በቤት ውስጥ መጀመር ለምን አስፈለገ? በቀጥታ ደጅ መዝራት አይቻልም?

አንዳንዱን ይቻላል፤ ብዙውን ግን አይቻልም፣ ቢቻልም አያዋጣም። በዚህ አካባቢ ከውርጭ ነፃ የሆነው ጊዜ በግምት ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ያለው ብቻ ሲሆን ይህም አምስት ወር አይሞላም። ፔቱኒያን ብንወስድ፣ ዘሩ አፈር ከነካበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያውን አበባ እስኪያሳይ ድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። በሜይ አጋማሽ ደጅ የተዘራ ፔቱኒያ ቢሳካለት እንኳ የሚያብበው ኦገስት ላይ ነው፤ ሁለት ወር ሳያጌጥ ውርጭ ይመታዋል። በማርች መጀመሪያ በቤት ውስጥ የተዘራው ግን ጁን ላይ አብቦ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል።

እኛ ዝናብ ጠብቀው የሚዘሩ ገበሬዎች ልጆች ነን፤ ወላጆቻችን ሰኔ ሲገባ ሰማዩን አይተው ነበር መሬት የሚነኩት። እዚህ አገር ዘሪውን የሚያዝዘው ዝናቡ ሳይሆን ውርጩ ነው። ስለዚህ አቆጣጠራችንም ከውርጩ ይነሣል።

ታዲያ መቼ ልዝራ? ቀኑን እንዴት አሰላለሁ?

በመጀመሪያ በሚኖሩበት አካባቢ የጸደይ የመጨረሻው ውርጭ የሚያልፍበትን ቀን ይወስናሉ። ቀጥሎ የዘሩን ፓኬት ገልብጠው «ከመጨረሻው ውርጭ ይህን ያህል ሳምንት በፊት በቤት ውስጥ ይዘራ» የሚለውን ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ከውርጩ ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ለሚኒያፖሊስና ለሴንት ፖል ሜይ 15ን (ግንቦት 7ን) መነሻ ብናደርግ፣ 10 ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ማርች 6 (የካቲት 27)፣ 8 ሳምንት ሲቆጠር ማርች 20 (መጋቢት 11)፣ 6 ሳምንት ሲቆጠር ኤፕሪል 3 (መጋቢት 25)፣ 4 ሳምንት ሲቆጠር ደግሞ ኤፕሪል 17 (ሚያዝያ 9) ላይ እናርፋለን። እነዚህን አራት ቀኖች በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ማክበብና ከየቀኑ ሥር የአበባውን ስም መጻፍ ከሁሉ የቀለለው ዘዴ ነው፤ በየዓመቱ የማደርገውም ይኸንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ውርጩ የሚያልፍበት ቀንና ችግኙ ደጅ የሚወጣበት ቀን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እንደ ኢምፔሸንስና ቢጎኒያ ያሉት ሙቀት ወዳዶች ውርጭ ባይነካቸው እንኳ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ፈዝዘው ስለሚቀሩ፣ ከውርጩ ቀን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ዘግይተው ነው የሚተከሉት። እንደ ፓንሲ ያሉት በተቃራኒው ቀለል ያለ ውርጭ ስለሚችሉ ቀደም ብለው ይወጣሉ። በመሆኑም ፓኬቱ የሚለው ሳምንት እስከ ውርጩ ቀን ይሁን ወይም ችግኙ እስከሚተከልበት ቀን አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ውርጭ ቀን በትክክል መቼ ነው?

ይህ ቀን ትንበያ ሳይሆን ከብዙ ዓመታት መዝገብ የወጣ አማካይ ነው። በሁለቱ ከተሞች መሃል አማካዩ ወደ ሜይ መጀመሪያ ገደማ ይውላል። ነገር ግን አማካይ ማለት በግማሹ ዓመታት ውርጩ ከዚያ ቀን በኋላም ይመጣል ማለት ስለሆነ፣ በአማካዩ ቀን ችግኝ የሚያወጣ ሰው የሁለት ወር ድካሙን ለዕጣ አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ብዙዎቹ የአካባቢው አትክልተኞች ሜይ 15ን የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም በዚህ ጸንቼ እቆማለሁ።

ቦታም ይለያያል። በከተማው መሃል ሕንጻውና አስፋልቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ ውርጩ ቀደም ብሎ ያበቃል፤ ከከተማ ወጣ ባሉት ሰፈሮች፣ በተለይም በረባዳ ቦታ ላይ ባሉት ግቢዎች፣ ዘግይቶ ይከሰታል። በሰሜኑ የግዛቱ ክፍል እስከ ጁን መጀመሪያ ሊዘልቅ ይችላል። በደብረ ብርሃን ወይም በመንዝ ያደገ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ውርጭ እንደሚጥልና ረባዳው ማሳ ከኮረብታው ቀድሞ እንደሚመታ ያውቃል፤ እዚህም ያለው ሕግ ያው ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። የአየር ትንበያ የሚናገረው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚለካውን ሙቀት ስለሆነ፣ ትንበያው 2 ወይም 3 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚልበት ሌሊትም ከመሬቱ ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል።

በዴንቨር አካባቢ ብዙ ሰው የሚጠብቀው በሜይ ሁለተኛው እሑድ የሚከበረውን የእናቶች ቀን ነው፤ በካልጋሪ ደግሞ ከሜይ 25 በፊት ባለው ሰኞ የሚውለውን የቪክቶሪያ ቀን። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው መነሻውን ወደ ኤፕሪል አጋማሽ ማምጣት ስላለበት፣ ለሚኒሶታ የተጻፈውን ቀን እንዳለ ቢከተል አንድ ወር ይዘገያል።

በዘር ፓኬት ላይ ያለው የ«ዞን» ቁጥርስ ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

ለዚህ ጉዳይ የለውም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ያወጣው የዞን ካርታ የሚናገረው በዓመት ውስጥ ከሁሉ የበረታው ብርድ በአማካይ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ነው፤ ይህም አንድ ለዓመታት የሚቆይ ተክል የብርዱን ወራት በሕይወት ማለፍ አለማለፉን ለመገመት ያገለግላል። በ2023 በታደሰው ካርታ ሚኒያፖሊስ በዞን 5ሀ ውስጥ ትገኛለች፤ ይህም ብርዱ በአማካይ ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በቅለው፣ አብበውና ዘርተው ለሚያልፉት አበቦች ግን የሚያስፈልገን የውርጩ ቀን ነው። አንድ ዓይነት የዞን ቁጥር ያላቸው ሁለት ከተሞች የመጨረሻ ውርጫቸው በሳምንታት ሊራራቅ ይችላል።

የትኛው አበባ ስንት ሳምንት ቀድሞ ይዘራል?

ከሁሉ የሚቀድሙት ቢጎኒያና ጄራኒየም ናቸው። ሁለቱም ከ12 እስከ 16 ሳምንት ስለሚወስዱ ከጃኑዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ መዘራት አለባቸው። የቢጎኒያ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በቅሎም ለወር ያህል ዕድገቱ በዓይን አይታይም፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አልመክረውም።

ፔቱኒያና ሎቤሊያ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ጊዜያቸው ከፌብሩዋሪ 20 እስከ ማርች 6 ገደማ ነው። ፓንሲም ያንኑ ያህል ሳምንት ቢፈልግም ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ደጅ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቆጠራው ከዚያ ተነሥቶ የዘሩ ጊዜ ወደ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይመጣል።

ስናፕድራጎን፣ ኢምፔሸንስና ሳልቪያ በማርች ወር ውስጥ፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀድመው ይዘራሉ። ስናፕድራጎን ቁመቱ ወደ አንድ ጣት ሲደርስ ጫፉ ቢቀነጠስ ከጎን ቅርንጫፍ አውጥቶ አበባው ይበዛል። ረጅሙና ትልቅ አበባ የሚያወጣው ማሪጎልድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። ይህ ማሪጎልድ በገበያ «አፍሪካዊ» ይባላል እንጂ ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፤ በስሙ ተስበው የአገራችን አበባ ነው ብለው የሚገዙ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን መጥቀሴ።

አጭሩ ማሪጎልድ፣ ዚኒያና ኮስሞስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ይፈልጋሉ፤ ኤፕሪል ሳይገባ አይነኩም። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻሉት እነዚህ ናቸው። ዘራቸው በጣት ለመያዝ ይመቻል፣ በሳምንት ውስጥ ይበቅላሉ፣ ስሕተትም ይችላሉ። ሱፍና ናስተርሺየም ሥራቸው ሲነካ ስለማይወዱ ሜይ ላይ በቀጥታ በመሬቱ ላይ ቢዘሩ ይሻላል። ፖፒም እንዲሁ ሥሩ ሲነካ አይወድም፤ እርሱ ግን ብርድ ስለሚችል በረዶው ሊቀልጥ ሲል ከላይ ይበተናል።

ቀደም ብዬ ብዘራ ቀድሞ አያብብልኝም?

በአብዛኛው አያብብም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳንም ይህ ግምት ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ በረዶ ስንመለከት ቆይተን ጃኑዋሪ ላይ የዘር ፓኬቶች በየመደብሩ ሲደረደሩ እጅ ይቸኩላል፤ ስሜቱን በሚገባ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ዚኒያን በፌብሩዋሪ መጨረሻ ዘርቼ ነበር። ኤፕሪል ላይ ችግኞቹ እንደ ክር ቀጥነው ከመብራቱ ጋር ተጋጩ፤ በትንሹ ዕቃ ውስጥ ሥራቸው ተጠምጥሞ የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ደጅ ሲወጡም የመጀመሪያው ነፋስ ግማሾቹን ሰበራቸው። በዚያው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ በኤፕሪል ሦስተኛው ሳምንት የዘራቻቸው ዚኒያዎች በጁላይ አጋማሽ ከእኔዎቹ በልጠው ቆሙ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ችግኝ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ሥሩ ቦታ አጥቶ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ዕድገቱም ይገታል። አንዳንዱም ጊዜው የደረሰ መስሎት በዚያችው ጠባብ ዕቃ ውስጥ ያብባል፤ አንድ ጊዜ ተገትቶ ያበበ ችግኝ ደግሞ መሬት ከገባ በኋላ ለማንሠራራት ብዙ ሳምንት ይፈጅበታል። በጊዜው የተዘራው ወጣት ችግኝ ግን ያለ ማቋረጥ ስለሚያድግ ይቀድመዋል። ከዚህም ሌላ ቀድሞ የተዘራው ሁሉ ወደ ሰፊ ዕቃ መዛወር ይፈልጋል፤ ሰፊ ዕቃ ደግሞ ከመብራቱ ሥር ያለውን ቦታ ይወስዳል። ጥርጣሬ ካደረብዎት ከመቸኮል አንድ ሳምንት መዘግየት ይሻላል።

የመስኮት ብርሃን አይበቃም?

በዚህ ኬክሮስ፣ በፌብሩዋሪና በማርች አይበቃም። ሚኒያፖሊስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 45 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ 9 ሰዓት አይሞላም፣ በፌብሩዋሪ አጋማሽም ከ10 ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ቀኗ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ፀሐይዋም ከራስ በላይ ናት። እዚያ በመስኮት ሥር የተቀመጠ ዘር ሲያድግ ያየ ሰው እዚህም ያንኑ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እዚህ በብርዱ ወራት ፀሐይዋ አጎንብሳ ስለምታልፍና ብዙ ቀን ደመና ስለሚሆን፣ በመስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን ለሰው ዓይን ብሩህ ቢመስልም ለችግኝ ደካማ ነው። ችግኙ ብርሃኑን ፍለጋ ወደ መስታወቱ ያዘነብላል፤ ግንዱ ይረዝማል፣ ይነጣል፣ በመጨረሻም ራሱን መሸከም ያቅተዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በጋራዥ ወይም በምድር ቤት የሚሰቀለው ተራ ነጭ የኤልኢዲ ወይም የፍሎረሰንት ረጅም መብራት ይበቃል፤ ልዩ የተክል መብራት መግዛት ግዴታ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ርቀቱ ነው። ተራው መብራት ከችግኞቹ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ችግኙ ባደገ ቁጥር መብራቱም እንዲሁ ከፍ እንዲል በሰንሰለት ማንጠልጠል ያመቻል። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ፤ የቀረውን ጊዜ ይጥፋ፣ ተክልም ጨለማ ይፈልጋልና። ማብሪያና ማጥፊያውን በሰዓት መቆጣጠሪያ ቢያደርጉት ሥራ በሚውሉበት ቀንም አይረሳም፤ በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህች ትንሽ መሣሪያ ትልቅ ዕረፍት ናት።

ብዙ ዘርና መብራት አብሮ መግዛት ለማይችል ሰው ምክሬ ይህ ነው፤ ከዘሩ ዓይነት ቀንሰው መብራቱን ይግዙ። መብራት ከሌለ ደግሞ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ጠብቀው በደቡብ መስኮት ዚኒያና ማሪጎልድ ብቻ ይዝሩ፤ በዚያን ጊዜ ቀኑ ከ13 ሰዓት ስለሚያልፍ ውጤቱ መልካም ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት አፈር ልጠቀም? ከግቢዬ ቆፍሬ ባመጣስ?

የግቢ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይይዛል፣ ችግኝ የሚገድሉ ፈንገሶችና የአረም ዘሮችም ይዞ ይመጣል። «ለዘር ማብቀያ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ከፒት ሞስ (ከረግረግ ከሚወጣ የዕፀዋት ብስባሽ) ወይም ከኮኮናት ልጣጭ ጭረት፣ ከቨርሚኩላይትና ከፐርላይት (በሙቀት ከተነፉ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪዎች) የተቀላቀለው ቀላል አፈር ነው የሚያስፈልገው። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ያለው እስከሆነ ድረስ የእርጎ ብልቃጥም ያገለግላል። ባለፈው ዓመት የተጠቀሙበትን ዕቃ ግን በሳሙና አጥበው፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበረዘበት ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ዘፍዝፈው ካለቀለቁ በኋላ ብቻ ይጠቀሙ። አፈሩን ወደ ዕቃው ከመጨመርዎ በፊት በለብታ ውሃ አሹት፤ ደረቁ ፒት ሞስ ውሃ ስለሚገፋ ከተሞላ በኋላ ማርጠብ አድካሚ ነው።

ዘሩ ለመብቀል ምን ያህል ሙቀት ይፈልጋል? በአፈርስ መሸፈን አለበት?

ለአብዛኞቹ አበቦች ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ የአፈር ሙቀት ተስማሚ ነው። የቤቱ አየር 20 ዲግሪ ቢሆንም እርጥብ አፈር በትነት ስለሚቀዘቅዝ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ለዚህም ከትሪው ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ይጠቅማል። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ምንጣፉ ይነሣ፤ ችግኝ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለበት፣ ሲያድግ ደንደን ያለ ይሆናል።

ሽፋንን በተመለከተ የፔቱኒያ፣ የቢጎኒያ፣ የስናፕድራጎንና የኢምፔሸንስ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ በአፈሩ ላይ ተበትኖ በቀስታ ይጫናል እንጂ አይሸፈንም። ፓንሲ ግን ጨለማ ይወዳል። የቀሩት በዘሩ ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል አፈር ይሸፈኑ። ትሪውን በስስ ላስቲክ ሸፍነው እርጥበቱን ይጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ብቅ እንዳሉ ላስቲኩን ወዲያው ያንሡ።

በደንብ የበቀሉት ችግኞች በአንድ ሌሊት ተኝተው አገኘኋቸው። ምን ሆነው ነው?

ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ አዝሎ ቀጥኖ ከሆነ፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመጡት በሽታ ነው። የወደቀው አይነሣም፤ ያልታመሙትን ለማዳን የታመሙትን ከነአፈራቸው አውጥቶ መጣልና ውሃ መቀነስ ያስፈልጋል። ልባችን ሲሳሳ ውሃ እናበዛለን፤ የበሽታው ዋና አጋር ይኸው ነው። አፈሩ ላዩ ሳይደርቅ እንደገና አይጠጣ። ውሃውም ከላይ ከሚፈስ ይልቅ ትሪው ላይ ተደርጎ አፈሩ ከታች ቢመጠው ይመረጣል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የተረፈው ይደፋ። ትንሽ ማራገቢያ በዝግታ አየሩን ቢያንቀሳቅስ በሽታውንም ይቀንሳል፣ ግንዱንም ያጠነክራል።

ማዳበሪያ መቼ ይሰጣል?

በመጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ከዘሩ ጋር የመጡ ናቸው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የአበባውን መልክ የያዙት ቅጠሎች ሲወጡ፣ ፓኬቱ ከሚያዘው ግማሽ ያህል ብቻ የተበረዘ ፈሳሽ ማዳበሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ችግኙን ወደ ሰፊ ዕቃ ማዛወር የሚቻለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ሲያዛውሩ በቅጠሉ ይያዙት እንጂ በግንዱ አይያዙት፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል፣ ግንድ ከተጎዳ ግን ችግኙ አለቀ።

ሜይ 15 ሲደርስ በቀጥታ አውጥቼ መትከል እችላለሁ?

አይችሉም። በመብራት ሥር፣ ነፋስ በሌለበት ክፍል ያደገ ቅጠል የደጁን ፀሐይ አያውቀውም፤ በአንድ ቀትር ነጥቶ ይቃጠላል። ከ7 እስከ 10 ቀን ማለማመድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ከነፋስ በተከለለ ጥላ ሥር ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያወጧቸዋል፤ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት እየጨመሩ፣ ከጥላው ወደ ጠዋት ፀሐይ፣ ከጠዋት ፀሐይ ወደ ሙሉ ፀሐይ ያሸጋግሯቸዋል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ወደ ቤት ይግቡ። በዚህ ሳምንት ውሃቸውን በየቀኑ መመልከት ይገባል፤ ነፋስ ትንሹን ዕቃ በሰዓታት ያደርቃልና። በአፓርታማ ለሚኖር ሰው በረንዳው ለዚህ ይበቃል፤ በረንዳ ከሌለ ተከፍቶ የሚውል መስኮት ምንም ካለማድረግ ይሻላል።

ከተተከሉ በኋላ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ በአሮጌ አንሶላ ይሸፍኗቸው። ላስቲክ ቅጠሉን በነካበት ቦታ ብርዱን ስለሚያስተላልፍ አይመከርም።

ብርድ ካልነካቸው የማይበቅሉ ዘሮች አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ይህ ወገን የቀዝቃዛ አገር ነዋሪ የሆነ ሰው ዕድሉን የሚጠቀምበት ነው። ብዙዎቹ የሚኒሶታ የሜዳ አበቦች፣ ለምሳሌ ሞናርክ የተባለው ቢራቢሮ ትል የሚመገበው ሚልክዊድ፣ ዘራቸው ቀዝቃዛና እርጥብ ጊዜ ካላለፈበት አይነቃም፤ በዲሴምበር እንዳይበቅልና እንዳይሞት ተፈጥሮ የዘጋችው በር ነው። በእርጥብ አሸዋ ወይም በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ለ30 ቀን ገደማ በፍሪጅ ውስጥ ማቆየት አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛውና እኔ የምወደው መንገድ የወተት ጋሎን ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው የላስቲክ ጋሎን በወገቡ ዙሪያ ተቆርጦ፣ ከታች ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ 8 ሳንቲሜትር ያህል እርጥብ አፈር ተሞልቶ ይዘራበታል፤ ከዚያ ተመልሶ በፕላስተር ይታሸጋል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይተዋል፣ በጃኑዋሪ በረዶ ላይ ደጅ ይቀመጣል። በረዶ ይወርድበታል፣ ይቀልጣል፣ ደግሞም ይቀዘቅዛል፤ ዘሩም የራሱን ጊዜ ጠብቆ ይበቅላል። ብርድ የለመደ ስለሆነ ማለማመድም እምብዛም አይፈልግም።

አደይ አበባን ከአገር ቤት ዘር አምጥቼ መዝራት እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ፊቱ ላይ የማየውን ናፍቆት እጋራለሁ፤ መልሱን ግን ማለስለስ አልችልም። ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንኛውም ዘር ለጉምሩክ መታወቅ አለበት፤ ከላኪው አገር የተሰጠ የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ይጠየቃል። በሻንጣ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ዘር በሽታና ነፍሳት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደስ የሚለው የአደይ የሥጋ ዘመድ እዚሁ በየችግኝ መሸጫው መገኘቱ ነው። አደይ በሳይንሳዊ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል፤ ባይደንስ ፌሩሊፎሊያ የሚባለው፣ ትውልዱ ከሜክሲኮና ከደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሆነው ዝርያ ደግሞ በተንጠልጣይ ቅርጫት የሚሸጠው ቢጫ አበባ ነው። ዘሩን ከ8 ሳምንት ቀድሞ፣ ማርች 20 ገደማ በቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል።

ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚደርስ አበባ ከፈለጉ ሌላም መንገድ አለ። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ መስቀል ሴፕቴምበር 27 ላይ ስለሚውሉ ሁለቱም ከመጀመሪያው ውርጭ ይቀድማሉ። በጸደይ የተዘሩት ዚኒያዎች በዚያን ጊዜ ደክመው፣ ቅጠላቸው ነጭ ዱቄት መሳይ በሽታ ይዞት ይሆናል። ዚኒያ ከዘር እስከ አበባ ከ60 እስከ 70 ቀን ስለሚፈጅበት፣ ጁን 20 ገደማ (በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት) ቢጫውን ዚኒያ በቀጥታ መሬት ላይ እንደገና ቢዘሩ ለበዓሉ ትኩስ አበባ ይኖርዎታል። ኮስሞስም ቀኑ ማጠር ሲጀምር በብዛት ስለሚያብብ ለመስከረም የታመነ ነው።

ካለፈው ዓመት የተረፈ ዘር ይበቅላል?

በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ከሆነ ብዙው ይበቅላል። አሥር ዘር በእርጥብ የወረቀት ፎጣ ጠቅልለው፣ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሞቅ ባለ ቦታ ለአሥር ቀን ያቆዩ፤ ሰባት ወይም ስምንት ከበቀሉ ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት፣ አራት ወይም አምስት ከሆኑ አብዝተው ይዝሩ፣ ከዚያ ካነሰ አዲስ ይግዙ።

ሜይ ገብቷል፤ እስካሁን ምንም አልዘራሁም። ዘንድሮ አለፈኝ ማለት ነው?

ፔቱኒያ፣ ቢጎኒያና ጄራኒየም አልፈዋል፤ እነርሱን ችግኝ አድርገው ይግዙ። ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ሱፍ፣ ናስተርሺየምና አጭሩ ማሪጎልድ ግን አላለፉም። አፈሩ በእጅ ሲነካ የማይቀዘቅዝ ከሆነ፣ ከሜይ 15 በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በቀጥታ መሬት ላይ ይዝሯቸው፤ በጁላይ መጨረሻ ማበብ ይጀምራሉ።